የተገዘተው ፍሬን

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለወንዳፍራሽ ዳኜ፣ ሊዮን፣ ፈረንሳይ አገር።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ልጄ፣ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ የሜዳውም የጋራውም ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ተረፈች ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ «ሰው አገር ነህና አንገትህን ሸፍን፣ እህል በጊዜው ብላ» በልልኝ ብላለች። ሣሩ ዘንድሮ ለጉድ ነው፤ ሜዳው ጉልበት ድረስ ደርሷል። አጨዳ ሊጀመር ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሣር አይደለም። የእግሬን ነገር ታውቃለህ። ከሦስት ዓመት በፊት ሙሉ ጭነት ሣር ይዤ እንጦጦን ስወርድ ጋሪው ፈረሱን ገፍቶ አመለጠኝ። ፈረሱ ሞተ፤ እኔ ግራ እግሬ ተሰበረ። ዲኖ ባይኖር ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር። ዲኖ ያ ረጅሙ ባለጋሪ፣ የሰይዳ ባል ነው። የራሱን ጋሪ መንገድ ላይ ጥሎ፣ መኪና እስኪገኝ ድረስ በጀርባው ተሸክሞ አወረደኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ተቀምጦ ጋሪ መጠገን ሆነ፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደግሞ ሲያስብ ይውላል።

እኛ ቁልቁለት ስንወርድ ከኋላ የባሕር ዛፍ ግንድ አስረን ማስጎተት ልማዳችን ነው፤ ታች ስንደርስ ግንዱን ለማገዶ እንሸጠዋለን። ገመዱ ከተበጠሰ ግን ጋሪውን የሚይዘው ነገር የለም። እኔ ሳስበው፣ ፈረሱን የሚገፋው ያው ጭነቱ ነው፤ ታዲያ ግፊቱ ራሱ ለምን ጎማውን አይዘውም አልኩ። ከቀጥቃጩ ከጃራ ጋር ስምንት ወር ለፋን። አሁን ፈረሱ የሚጠመድባቸው እንጨቶች ከጋሪው ጋር የተያያዙት በሚንሸራተት ብረት ነው። ፈረሱ ሲጎትት ብረቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ጎማው ነጻ ነው። ጋሪው ፈረሱን ልግፋ ሲል ብረቱ ወደ ኋላ ይገባና ሁለት የወይራ ጉርድ ጎማው ላይ ያሳርፋል። የሰው እጅ አይነካውም። አንድ ማለዳ ሰው ሳይወጣ፣ ግንድ ሳላስር፣ ሙሉ ጭነት ጭኜ ወረድኩበት። ጋሪው እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔም እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ ጉድለት አለው፤ ጋሪውን ወደ ኋላ ስትመልሰውም ይይዛል። አንተ የተማርክ ነህና ዘዴ ካለህ ጻፍልኝ። ለባለጋሪው ሁሉ ልሠራ አስቤአለሁ፤ መጀመሪያ ለዲኖ።

አምላክ በሄድክበት ይቅደምህ።
አጎትህ ዳዲ ጉርሙ


ሊዮን፣ ኅዳር 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ የእናቴ ወንድም፣ ለኤሱማ ዳዲ ጉርሙ።

እንደምን ከርመዋል? እግርዎስ ብርዱን ቻለልዎ ወይ? እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሥራ ቦታም ይዤው ሄድኩ።

ኤሱማ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ለማንም አይሥሩ። በዚህ አገር አንድ ሰው አዲስ ነገር አስቦ ሲሠራ መንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ብሬቬ ይሉታል። ያን ወረቀት የያዘው ሰው ሳይፈቅድ ሌላ ሰው ዕቃውን ሠርቶ መሸጥ አይችልም። ነገር ግን ማመልከቻው ሳይገባ ዕቃው በአደባባይ ከታየ፣ የትም አገር ይሁን፣ አዲስነቱ ቀረ ብለው ወረቀቱን ዋጋ ያሳጡታል። ከትምህርቴ ጎን የምሠራበት ፋብሪካ ጋሪና ተጎታች ነው የሚሠራው። ለአለቃዬ ነግሬው ዓይኑ በራ።

ስለዚህ ልኩን ይላኩልኝ፤ ሥዕሉን እኔ አነሣዋለሁ። ዳዲ ጉርሙ፣ ሱሉልታ፣ ተብሎ በትልቅ መዝገብ ይጻፋል። እዚህ እኔን የሚያውቁኝ መፍቻ አቀባይ አድርገው ነው፤ ከእኛ ሰፈር ሰው አስቦ ሠራ ሲባል ፊታቸውን ለማየት ጓጉቻለሁ። ጃራ አፉ አያርፍምና በግዝት ይሰሩት። ለዲኖም ቢሆን አያሳዩ። ቢበዛ ስድስት ወር ነው።

እናቴን በጉልበቷ ይሳሙልኝ።
ልጅዎ ወንዳፍራሽ


ሱሉልታ፣ ጥር 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንዳፍራሽ።

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል፤ አንተንም ከዘመን ዘመን ያሸጋግርህ። የነገርከኝን ሁሉ ፈጽሜአለሁ። የነፍስ አባቴን መምሬ ጥሩሰውን ጠርቼ፣ እኔና ጃራ መስቀል ይዘን ተገዘትን። «ወረቀቱ ሳይመጣ ይህን ነገር ለሰው ያሳየ፣ የተናገረ፣ የሠራ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ጃራ መስቀሉን ቶሎ ለቀቀው። እሱ እሳት ሲጨብጥ የሚኖር ሰው ነው፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ፍሬኑን ከጋሪው ፈትቼ ከሣር ክምሩ ሥር ቀበርኩት። ልኩን በወረቀት መጻፍ ስላልሆነልኝ በሲባጎ ቋጥሬ ልኬልሃለሁ። አንድ ቋጠሮ ያለው የብረቱ ርዝመት ነው፤ ሁለት ቋጠሮ ያለው ስፋቱ፤ ሦስት ቋጠሮ ያለው ከጎማ እስከ ጉርዱ ያለው ነው። እናትህ ሲባጎውን ስታጣጥፍ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ዓይቼ አላውቅም» ብላ ሳቀች።

ዲኖ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ፍሬኑን በሞከርኩበት በዚያ ማለዳ የጎማዬን ፈለግ አይቶ ኖሯል። «ኦቦ ዳዲ፣ ግንድ ሳይጎተት የወረደ ጋሪ አለ፤ ፈለጉ ያንተ ጎማ ነው። እንዴት ወረድክ?» አለኝ። ባዶ ጋሪ ነበር አልኩት። ጎማዬን አየት አደረገና ስለ ልጆቹ አወራን። ዲኖን ዋሽቼው አላውቅም ነበር፤ በጀርባው የተሸከመኝ ሰው ነው። ስድስት ወር ነው ብለሃልና እችለዋለሁ።

አጎትህ ዳዲ


ሊዮን፣ መጋቢት 27 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለኤሱማ ዳዲ።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሲባጎው በደህና ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጉዳዩን ይዤዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ወደ ኋላ ሲመልሱት ይይዛል ላሉት፣ ከሚንሸራተተው ብረት ላይ ቀዳዳ አብጅተው አንዲት ካስማ ያስገቡ። ሊመልሱ ሲሉ ካስማዋን ይሰኳታል፤ ብረቱ አይገባም። መንገድ ሲጀምሩ ይነቅሏታል። ይህ ችግሩን ይፈታዋል።

ሣሩ እንዴት ነው? ፉሪ ያሉት የእናቴ ዘመዶችስ ደህና ናቸው? እባክዎ ጥቂት ይታገሡ።

ወንዳፍራሽ


ሱሉልታ፣ ሰኔ 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንዳፍራሽ ዳኜ።

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እንዳለን አለን። የካስማዋ ነገር ግሩም ነው። ለጃራ ብነግረው ራሱን ይዞ «እኛ ስምንት ወር ስንዳክር ልጁ በአንድ መስመር ጨረሰው» አለ። ኮራሁብህ። ቀዳዳውን በሣር ክምሩ ሥር ተደብቀን በስተን ሞከርነው፤ ልክ እንዳልከው ነው።

ልጄ፣ ስድስቱ ወር አለፈ። ክረምቱ ገባ፤ ቁልቁለቱ ጭቃ ሆኗል። በግንቦት አንድ የቡራዩ ሰው እንጨት ጭኖ ሲወርድ ጋሪው አምልጦት በቅሎው ሞተችበት፤ እሱ ተርፏል። ወሬውን ስሰማ መምሬ ጥሩሰው ዘንድ ሄጄ ግዝቱን ማላላት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። «ወረቀቱ እስኪመጣ ብለህ ራስህ ቃል ገባህ፣ ከልጁ መልስ ይምጣ» አሉኝ። ስለዚህ መልሱ አንተ ዘንድ ነው። ማመልከቻው ገብቷል ወይስ አልገባም? በአንድ ቃል ንገረኝ። የሚያበላሸው ሳይገባ ማሳየት ነው ብለህ ራስህ ጽፈህልኛልና፣ ገብቶ ከሆነ ማሳየት እችላለሁ።

ዲኖ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በደጄ ሲያልፍ ግን ሰላምታው አጥሯል።

አጎትህ ዳዲ


ሊዮን፣ ነሐሴ 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለኤሱማ ዳዲ።

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ወር አገሩ ሁሉ ለዕረፍት ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤቱም ዝግ ነው። ሲከፈት ቁርጡን አሳውቅዎታለሁ። እስከዚያ እንዳሉ ይቆዩ። ለእናቴ ፎቶግራፍ ልኬአለሁ፤ ከስቷል እንዳትል፣ ካፖርቱ ሰፊ ሆኖ ነው።

ወንዳፍራሽ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንዳፍራሽ።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ይቅርታህን የምለምንበት ነው።

ዲኖ ሞተ። ጥቅምት 28 ቀን፣ ሣር ጭኖ እንጦጦን ሲወርድ ነው። ግንዱን አስሮ ነበር፤ ሌሊቱን ካፊያ ነበረና ግንዱ ድንጋይ ላይ ሲያዝበት ገመዱ ተበጠሰ። ከጋሪው ዘሎ ማምለጥ ይችል ነበር አሉ። ፈረሱን ላድን ብሎ ወደ ፊት ሮጦ ልጓሙን ያዘ፤ ጋሪው ከድንጋዩ ግንብ ጋር አጣበቀው። ያ ቦታ እኔ ከተሰበርኩበት ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ይላል። የተሸከመው ሰው ግን አልነበረም፤ ከኋላው የነበሩት ሲደርሱ ነገሩ አልቋል።

እኔ ቤቴ ነበርኩ። ፍሬኑ ከሣሩ ክምር ሥር፣ ከተቀመጥኩበት አሥር እርምጃ ላይ ነበር።

ከቀብሩ መልስ በቀጥታ መምሬ ጥሩሰው ዘንድ ሄድኩ። ይፍቱኝ፤ ያለዚያ ሳይፈቱኝ ሄጄ አሳያለሁ አልኳቸው። በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ግዝት ሰውን ከክፉ ሊጠብቅ ነው የሚታሰረው። እኔ ምን እንደማስር ሳልመረምር አሰርኩ። ንስሐው የሁለታችን ነው።» መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ፈቱኝ። ጃራንም አስጠርተው ፈቱት።

በሦስተኛው ቀን ፍሬኑን በአህያ ጭነን ዲኖ ቤት ወሰድነው። ባለጋሪዎቹ ሁሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አስቀምጬ እንዴት እንደሚሠራ አሳየሁ፤ ካስማዋንም አሳየሁ። ሰይዳ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጣች። ብረቱን በእጇ ነካችው፤ ዝጎ ነበር። «ይህ መቼ ነው የተሠራው?» አለችኝ። ያለፈው ዓመት ጥቅምት አልኳት። ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተመልሳ ገባች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሰደበኝ ግን የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ በአደባባይ አሳይቻለሁ። ወረቀትህን አበላሸሁብህ። አንድ ዓመት የደከምክበትን ነገር፣ በሰው አገር ፊትህን ቀና የሚያደርግልህን ነገር አጠፋሁ። አጎትህ ቃሉን ስላፈረሰ ይቅር በለው።

ዳዲ ጉርሙ


ሊዮን፣ ጥር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለኤሱማ ዳዲ።

ይቅርታ እርስዎ እኔን አይለምኑኝም። ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

የሚበላሽ ወረቀት አልነበረም፤ ማመልከቻ አላስገባሁም። ባለፈው ዓመት በየካቲት፣ ሲባጎውን በሚሊሜትር ለክቼ ሥዕሉን ካነሣሁ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፤ አልሳቀብኝም። ከመደርደሪያው አንድ ጥራዝ አውርዶ ገለጠልኝ። የእርስዎ ፍሬን ነው፤ የሚንሸራተተው ብረት፣ ሁለቱ ጉርዶች፣ ሁሉም አሉ። ዕድሜው ስድሳ ዓመት ነው። ካስማዋም እዚያ ነበረች። ካስማዋን ያየሁት እዚያ ነው፤ የእኔ አሳብ አይደለችም።

ፋብሪካ ስመለስ አለቃዬ ሥዕሉን አይቶ፣ ያው ፍሬን የተገጠመበት ግቢው ውስጥ የቆመ ተጎታች አሳየኝ። በየጠዋቱ በአጠገቡ አልፋለሁ። ዝቅ ብዬ አላየሁትም ነበር።

ለምን ወዲያው አልጻፍኩም? አፈርኩ። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ሰምተው ነበር። ለእርስዎም በትልቅ መዝገብ ይጻፋሉ ብያለሁ። ከዚያኛው የሚለይበት አንዲት ነገር ባገኝ ብዬ ስፈልግ ከረምኩ፤ ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ሰኔ ላይ በአንድ ቃል ንገረኝ ብለውኝ ነበር። አንድ ቃል ነበረች፤ አልጻፍኳትም። ግዝቱን ረስቼ ነው አልልም። አልረሳሁትም። በዋዛ ያልኩት ነገር እዚያ መስቀል እንደተያዘበት ከነገሩኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። አራት ገጽ ነው፤ ጃራ እንዲያነበው ልኩን በስንዝርና በጣት መልሼ ጽፌዋለሁ። ሌላ የምልከው ነገር የለኝም።

ወንዳፍራሽ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንዳፍራሽ ዳኜ። ሰላም ለአንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ደረሰ። ሳነበው የአምናውን የመጋቢት ደብዳቤህን ከሣጥን አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግሁት። ሁለቱም ላይ ካስማዋ አለች። በመጀመሪያው ስንኮራብህ፣ አንተ ቁርጡን ታውቅ ነበር። ከዚያ ደብዳቤ እስከ ዲኖ ሞት ሰባት ወር ነው። ክረምቱን ሙሉ ነው። እነዚያ ሰዎች ስድሳ ዓመት ጋሪያቸው ላይ ገጥመው የሚሄዱበትን ነገር እኔ እንደ ሌባ ዕቃ ሣር አልብሼ አስቀመጥኩት።

ለእናትህ አነበብኩላት። ፎቶግራፍህን ከግድግዳ ታወርደዋለች ብዬ ነበር፤ አላወረደችውም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደ አዲስ ለቅሶ ሰይዳ ቤት ሄደች። ሰይዳም ለምን እንደገና መጣሽ አላለቻትም፤ አብረው ተቀምጠው ውለዋል።

አልረግምህም። ልረግምህ የተቀመጥኩበት ቀን ነበር፤ ግን ራሴን አገኘሁት። ስሜ በመዝገብ ይጻፋል ስትለኝ ደስ ብሎኛል። ስሙ የማይታወቅ አንካሳ ጋሪ ጠጋኝ፣ በፈረንጅ ወረቀት ላይ። ዲኖ ደጄ ቆሞ ሲጠይቀኝ አፌን የዘጋው ግዝቱ ብቻ አልነበረም፤ ያም ነበረበት። ይህን ለመምሬ ጥሩሰው ተናዝዣለሁ፤ አሁን ለአንተ ነገርኩህ።

ሥዕልህ ጥሩ ነው። ጃራ አራቱንም ገጽ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ጢስ እንዳይነካው በላዩ መስተዋት አድርጎበታል። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሠርተናል። ለእጃችን አንጠይቅም፤ ብረቱን ባለጋሪው ያመጣል። ከሰበታና ከቡራዩ ሳይቀር ሰው እየመጣ ልክ ይወስዳል። የመጀመሪያውን፣ ያን የዛገውን፣ አጽድቼ ለሰይዳ ታላቅ ልጅ በአባቱ ጋሪ ላይ ገጠምኩለት። ስገጥም እሱ ጎማውን ይዞልኝ ነበር።

ለሰይዳ ግን የአንተን ደብዳቤ አላነበብኩላትም፤ ማንም እንዲያነብላት አልፈቅድም። ትምህርትህን ስትጨርስ ትመጣለህ። ከእኔ ቤትም ከእናትህ ቤትም በፊት እዚያ ትሄዳለህ። በአፍህ ትነግራታለህ፤ የምትልህንም ቆመህ ትሰማለህ። እኔ እስከ ደጇ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ብቻህን ነህ። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለኝም።

የስሙም ነገር ተፈጽሟል፤ ፍሬኑ ስም ወጥቶለታል። የእኔን ስም አላወጡለትም፣ የጃራንም አይደለም። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ባለጋሪዎቹ ከአፋፉ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና፣ የኋለኛው ለፊተኛው «ዲኖ አለ?» ይለዋል። የፊተኛው ዝቅ ብሎ ብረቱን ነክቶ «አለ» ይላል። ከዚያ ይወርዳሉ።

አጎትህ ዳዲ ጉርሙ